ዶሮዎቹን አትቆጣቸው

አቡሽዬ፣

ትናንት በስልክ "እማ፣ ዘጠኝ ዶሮ ቀልቤ በቀን ሦስት እንቁላል! ለእንቁጣጣሽ አርጃቸው መገላገል ነው" ስትለኝ ሳቄ መጣ። ልመልስልህ ስል ኔትወርኩ ጠፋ። ጠፋ ብዬም አላዘንኩ፣ አንተ እንደሆንክ በስልክ የነገርኩህን ግማሹን "እሺ እሺ" ብለህ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ጻፍኩልህ፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው። ወደ ታች ላይ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፣ ግን ዘለህ ወደዚያ እንዳትሮጥ።

ዶሮዎችህ አላረጁም። ጥቅምት ላይ የ45 ቀን ሆነው ገዛሃቸው፣ ጥር ማለቂያ ላይ መጣል ጀመሩ፣ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ያንተዋ ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ ደህና ከተያዘች በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች። የእኛዋ ሀበሻ ዶሮ 60 ከጣለች ጎበዝ ናት። ላባቸውን የሚያረግፉበት ጊዜም ገና ነው። እሱ ሲመጣ ሁለት ሦስት ወር ያርፋሉ፣ ያኔ ደግሞ ታመሙ ብለህ እንዳትደውልልኝ።

ችግሩን ራስህ ነገርከኝ እኮ። "መኖ ስለተወደደ ግማሹን በፍሩሽካና በእንጀራ ፍርፋሪ ተክቼዋለሁ" አላልክም? በቃ፣ እሱ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የጣይ መኖ ትፈልጋለች። ፍርፋሪው ሆዷን ይሞላዋል፣ ጠግባም ትውላለች፣ ግን እንቁላሉን ከምን ትሥራው? ቅርፊቱ ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል። ከመኖው ካላገኘችው ከገዛ አጥንቷ እያወጣች ነው የምትሰጥህ። "ቅርፊቱ እየሳሳ ሄደ፣ እጄ ላይ ይሰበራል" ያልከኝ ምን መሰለህ? በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን በነሐሴ! እኔ እዚህ ቢሾፍቱ ሆኜ እንኳ ጋቢ ደርቤ ነው የማድረው፣ እዚያማ ከምትበላው ላይ ለሙቀቷ ብቻ የሚሄደው ቀላል አይደለም።

እና መኖውን ወደነበረበት መልሰው። ብሩ አልበቃ ካለህ ዘጠኙን ከምታስርብ ሁለት ሦስቱን ሽጠህ የቀሩትን አጥግባቸው። የቷን ልሽጥ ትለኛለህ። ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ግባ፣ ያኔ አይሯሯጡብህም። አንዷን ብብትህ ስር ያዛትና ከጭራዋ ስር፣ እንቁላሉ ከሚወጣበት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ዳብስ። በመሃላቸው ሁለት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት በመከራ ከሆነ አቁማለች። አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋም እየው፤ የምትጥለው ቀላና ሞላ ያለ ነው፣ ያቆመችው ነጣ ብሎ ይኮማተራል። አያትህ ይሄንን ስታደርግ ሳያት አስማት ይመስለኝ ነበር። እሷ ዳብሳ "ይቺ ነገ ትጥላለች" ካለች አለቀ፣ ትጥላለች።

ውሃ እንዳይጓደልባቸው። ዶሮ ከምትበላው እጥፍ ያህል ትጠጣለች፣ ግማሽ ቀን ውሃ ካጣች እንቁላሉ ላይ ወዲያው ታየዋለህ።

ቤቱንም እይልኝ። ሰጋቱራውን እፍኝ አድርገህ ጨብጠው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይውጣና ደረቅ ይግባ። ከዚያ ቁጭ ብለህ በዶሮዋ ቁመት ልክ ተንፍስ። ሽታው ዓይንህን ካቃጠለህ እሷ ሌት ተቀን የምትተነፍሰው እሱን ነው። ኩሳቸው ላይ ደም ካየህ ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እርጥበት ይወዳል፣ ያን ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው የሚኬደው። አንተ ግን ሐኪም ሳታይ ቴትራሳይክሊን ውሃቸው ውስጥ በጥብጠሃል። የሰው ካፕሱል! ተው አቡሽ። የራበው በመድኃኒት አይጠግብም፣ መድኃኒቱ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ ይገባና ተመልሶ ወደ አንተና ወደ ልጅህ ሆድ ነው የሚሄደው።

ስለ መብራቱ የጠየቅከኝ እውነት ነው። ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስታገኝ ነው በደንብ የምትጥለው፣ የእኛ አገር ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። አንዲት ትንሽ አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ብታበራላቸው ይጠቅማል። ግን ዛሬ አብርተህ ነገ የምትረሳው ከሆነ ይቅርብህ፣ መቀያየሩ ይረብሻቸዋል። መብራት ኃይል ካረሳሳህ ደግሞ አንተ ምን ታደርገዋለህ።

ሌላው፣ ምናልባት እየጣሉ ራሳቸው እየበሉት እንደሆነስ? ጎጆው ላይ የአስኳል ርጥበት ፈልግ። እንቁላል የምትበላ ዶሮ ነበረችኝ። አንዷ ወዳጄ "እንቁላሉን በስተሽ ሚጥሚጣ ሙዪበት፣ ትማራለች" አለችኝና ያን ሁሉ ሚጥሚጣ አባከንኩ። ዶሮዋ ሙልጭ አድርጋ በላችው! ለካ ወፍ ዘር ሚጥሚጣ አያቃጥላትም። እኔ ነኝ የተማርኩት። የጠቀመኝ በቀን ሁለቴ መሰብሰብና ጎጆውን ጨለም ማድረግ ነው። እኛ የበላነውን እንቁላል ቅርፊትም አድርቄ፣ ቅርፊት መሆኑ እስኪጠፋቸው አድቅቄ መኖው ላይ እበትንላቸዋለሁ። ቅርፊትነቱን ካወቁት አደራ፣ ማስተማር ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ዋናው። "ለበዓሉ አውራ ዶሮ ስገዛ አራት ቄቦችም ጨምሬ እቀላቅላቸዋለሁ፣ እንቁላሉ ይካካስልኛል" ብለሃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፋሲካ 22 ዶሮዎች ነበሩኝ። ከበዓሉ በኋላ አለቁ ማለት ይቻላል። ለእናንተ "ከታችኛዋ ጎረቤታችን ፈንግል መጣብኝ" አልኳችሁ፣ ያ ዶሮ የሚፈጀው በሽታ። ውሸት ነው። መጀመሪያ ላይ ራሴንም አሳምኜው ነበር፣ ኋላ ቀኑን ስቆጥር ደረስኩበት፣ አፈርኩና ዝም አልኩ።

ረቡዕ ገበያ ወጥቼ አንድ ግርማ ሞገስ ያለው ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁ። በረንዳ ላይ ባስረው አቆሸሸብኝና ከዶሮዎቼ ጋር አስገባሁት። ሦስት ሌሊት አብሯቸው አደረ። ድብት ብሎ ነበር። ኩሱም አረንጓዴ ነበር። እግሩን ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለመጣ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ማታ ታረደ፣ ወጡን አንተም ጣትህን እየላስክ በልተሃል። ውሃውንና ላባውን ጓሮ ደፋሁት፣ ዶሮዎቹ እየጫሩ ሲለቅሙት እያየሁ! በሳምንቱ አንዷ አንገቷ ተጣመመ። ከዚያ ሌላዋ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች። በስድስት ቀን 19 ቀበርኩ።

የጎረቤታችን ዶሮዎች መሞት የጀመሩት ከእኔ ወዲያ ነው። ከእኔ ወደ እሷ ነው የሄደው። እኔ ግን ያን ሰሞን ኩርፍ ብዬ ቡና እንኳ አልጠራኋትም። እሷ ምስኪን የራሷ እያለቁባት ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ "ለተረፉት ስጪያቸው" ብላ አመጣችልኝ። ነጭ ሽንኩርት ፈንግልን አያቆምም። ግን እስከዛሬ ነጭ ሽንኩርት በወቀጥኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ ቢሾፍቱ፣ አፍንጫዬ ስር ነው። 22 ዶሮ ይዤ አላስከተብኩም። "አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ነው፣ ለእኔ ምን ያደርጋል" ብዬ። አንተም ለዘጠኝ ዶሮ ይሄንኑ ማለትህ አይቀርም። ጎረቤቶችህን ሰብስብ፣ ሁሉም ያሉትን ዶሮዎች ቆጥሮ አዋጥታችሁ ባንድ ቀን አስከትቡ። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቅ። ክትባቱ በሚጠጡት ውሃ ተበጥብጦ ነው የሚሰጠው፤ በበረዶ ተይዞ ነው የሚመጣው፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ በቧንቧ ውሃ አትበጥብጠው፣ ክሎሪኑ ይገድለዋል፣ የዝናብ ውሃ እንደሆነ አሁን ሞልቶልሃል። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክላቸው፣ ሲጠሙ ሁሉም ይጠጡታል። በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ከታመመች በኋላ መከተብ ግን ከንቱ ነው።

ቄቦቹን የግድ እገዛለሁ ካልክ ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ራቅ አድርገህ አቆያቸው፣ ቀድመህ የድሮዎቹን አብላና አዲሶቹን መጨረሻ፣ ጫማህንም ቀይር። የበዓሉ አውራ ዶሮ ዶሮ ቤቱ አጠገብ እንዳይደርስ። በረንዳህን ያቆሽሽ። ላባና አንጀቱን ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው።

እኔ ለእንቁጣጣሽ ያቺን ጎረቤታችንን ቡና ልጠራት ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና እያሰብኩበት ነው፣ አንተ ግን ለእህትህ አሁን እንዳትነግራት፣ አፏ አያርፍም።

አንተ ዛሬ ማታ ግባና ዳብሳቸው። ባትሪውን ሚስትህ ትያዝልህ፣ በስልክህ አበራለሁ ብለህ ኩስ ላይ እንዳትጥለው። ነገ ስንቷ ሁለት ጣት እንደሆነች ደውለህ ንገረኝ።

እናትህ