ሻኛ የሌላቸው ላሞች

ጅማ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ለአክስትህ ልጅ ሠርግ ሐዋሳ ሄደን እንደ ነበር እናትህ በስልክ ስለ ነገረችህ የሠርጉን ወሬ አልደግመውም። መልሱ ማታ ስለ ነበር፣ እኔና አጎትህ ማለዳ ተነሥተን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጓዝንና ዲላ ገባን፤ ከዚያም ሸጴ የሚባለውን ጥንታዊ የዐለት ላይ ቅርጽ ለማየት ወደ ሸለቆው ወረድን። ቁልቁለቱ ለጉልበቴ አልተመቸውም። መንገድ ላይ የጌዴኦን ቡና ጠጥተናል፤ ጥሩ ነው፣ ከጅማ ቡና ይበልጣል ብዬ ግን አልፈርምም።

በጠባቡ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ሃምሳ የሚያህሉ ከብቶች አንዱ ከሌላው ኋላ ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ገላቸው ከጎን ይታያል፤ ቀንዳቸው ግን ከላይ ቁልቁል እንደሚታይ ሆኖ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ግታቸውም ከመጠን በላይ ገዝፏል። ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንቷቸዋል። አጎትህን ያስገረመው ሻኛ የሌላቸው መሆኑ ነበር። እኔ ግን ዋንዛ ፍለጋ ወደ ሚዛን በምመላለስበት ዘመን፣ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ይቋቋማሉ የሚባሉትን የሸኮ ከብቶች ስላየሁ፣ ሻኛ የሌለው ላም እንግዳ አልሆነብኝም።

እኔን ያቆመኝ አሠራሩ ነው። ቀራጩ ላሟን በመሮ ጭሮ አላወጣትም፤ በዙሪያዋ ያለውን ዐለት እየፈለፈለ ዝቅ አድርጎ እሷን ከፍ ብላ እንድትቀር አደረገ እንጂ። በርጩማን ከአንድ ግንድ ስንፈለፍል ሦስቱን እግር ከየትም አምጥተን አንተክልም፤ በመካከላቸው ያለውን እንጨት እናነሣለን። ይህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ዋንዛ ለመሮ ሲታዘዝ ዐለት አለመታዘዙ ነው። እዚያ ቆሜ፣ በአሥራ ሁለት ዓመትህ መሮው አምልጦህ የአንዱን በርጩማ እግር የገመስህበትን ቀን አስታወስሁ። ያን ጊዜ ተቆጥቼሃለሁ፤ በሙጫ እናጣብቀው ስትለኝም እንቢ አልሁህ። የቀንዶቹን ጫፍ ሳይ፣ ያ ሰው ያችን ቀጭን ቀንድ ሲያወጣ ትንፋሹን ምን ያህል ይዞ እንደ ነበር አሰብሁ፤ እሱ ሙጫም፣ ሌላ ግንድም አልነበረውም። ልዳስሳት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ በላብ የረጠበ እጅ እንደሚጎዳት ትዝ ብሎኝ ወደ ኋላዬ አጣመርሁት።

ከተመለስሁ በኋላ በአንድ የዋንዛ በርጩማ መቀመጫ ላይ ሻኛ የሌላት ላም ጀምሬያለሁ። ቀንዶቿን ከፍ አድርጌ አውጥቻለሁ፤ ግቷ ጋ ስደርስ ግን እጄ አላመነም፣ አቆምሁ። ለፋሲካ ስትመጣ ያቺን ጠባቧን መሮህን ይዘሃት ና፤ እናትህ ሳጥንህ ውስጥ ናት ብላኛለች።

አባትህ