ጉልበትሽን ለወጌሻዋ አሳዪ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። ወንድምሽ ፈተና ላይ ነው፤ እያጠናሁ ነው ይላል፣ እኔ የማየው ግን ስልክ ሲነካካ ነው። ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ሳበቃ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚልክልሽም እሱ ነው። በስልክ ልነግርሽ አልፈለግኩም። በስልክ ሳቅ ሳቅ ትይና ወሬ ታስቀይሪኛለሽ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ተቆጥቼብሻለሁ።

የአጎትሽ ሚስት ከአሜሪካ ደውላ ነበር። ጉልበትሽ ከኮሌጅ ቡድንሽ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በኋላ እንደሚያብጥ ነገረችን። ልምምድ ከመግባትሽ በፊት አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደምትውጪም ነገረችን። ይባስ ብሎ የቡድናችሁ ወጌሻ ስትጠይቅሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያታለሽ አሉ። «ለአባዬ እንዳትነግሪ» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። እሷን እንዳትቀየሚያት። ድምጿ አላምር ብሎኝ አጥብቄ የጠየቅኳት እኔ ነኝ።

ስሚኝ ልጄ። ወጌሻዋን አትዋሺያት። እኔን ብትዋሺኝ ግድ የለም፤ ባሕር ዳር ተቀምጬ ምን ላደርግልሽ? አሰልጣኟን ብትፈሪያትም ይገባኛል። ወጌሻዋን ግን አትዋሺያት።

ጨዋታችሁ እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ወንድምሽ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ያስደግፍና ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን እናያለን። ኔትዎርክ ካለ ማለቴ ነው። እናትሽ አንቺን ብቻ ነው የምታየው። ኳሱ ሌላ ጋ እያለ «የት ሄደችብኝ?» ትላለች። እኔ ደግሞ የማየው ወንበሩ አካባቢ ያሉትን ሰዎች ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሠራተኛና ቡድን ሳመላልስ የኖርኩ ሹፌር ስለሆንኩ ይሆናል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ማየት ይቀናኛል።

ስንት ሰው ነው ግን የተሰለፈላችሁ! ዋናዋ አሰልጣኝ አለች። ረዳቶቿ አሉ፤ የሚመጡትን ተጋጣሚዎች ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ያጠናሉ አለኝ ወንድምሽ። ላፕቶፕ ይዞ የሚቀመጠው ቪዲዮ እየቆረጠ ጥፋታችሁን የሚያሳያችሁ ነው። ክብደት የሚያሠራችሁ ሌላ፣ ምግባችሁን የሚያይ ሌላ፣ ትምህርታችሁን የሚከታተል ሌላ። ወንዶች ተማሪዎች ሳይቀሩ ከእናንተ ጋር እየገጠሙ ሊያለማምዷችሁ ይመጣሉ ሲለኝ ሳቅኩ። ውድድር ላይ አይሰለፉ፤ መጥተው ከእናንተ ጋር ተጋፍተው፣ ላባቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ሆቴልና አውቶቡስ የምትይዘዋ ደግሞ እኛ ቡድን መሪ የምንላት ናት። እሷን ወደድኳት። እናንተ ስትጨፍሩ እሷ ሰዓቷን ታያለች። አውቶቡሱ መምጣቱን ነው የምታስበው። ያንን ጭንቀት አውቀዋለሁ።

ከሁሉም ዓይኔ የሚያርፈው ግን ያቺ ወገቧ ላይ ቦርሳ የታጠቀችው ላይ ነው። ኳስ ቢገባ አታጨበጭብም። ቢሳት አትቆጭም። እግር እግራችሁን ነው የምታየው። ወጌሻዋ እሷ ናት አለኝ። አንቺ ይህቺን ሴት ነው «ምንም አልሆንኩም» የምትያት?

ይህ ሁሉ ሰው ድሮም የነበረ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሴትና ወንድ እንዳይለይ የሚያዘው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ፓት ሰሚት የምትባል የ22 ዓመት ልጅ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ያዘች። ማሊያ የምታጥበው እሷ፣ ቫኑን የምትነዳውም እሷ ነበረች። አሰልጣኝም ሹፌርም! ይህን ሳነብ ለእናትሽ ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብኩላት። እ.ኤ.አ. በ2012 ስትለቅ 1,098 ጨዋታ አሸንፋ፣ 8 ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዳ ነው። እሷም በተጫዋችነቷ ጉልበቷን ክፉኛ ተጎድታ ነበር። ታክማ ተመልሳ፣ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ታክማ ነው ያልኩሽ። ደብቃ አይደለም።

አሁን ስለ አክስትሽ ልንገርሽ። እንደምታነክስ ታውቂያለሽ። ደረጃ ስትወጣ እጇን ግድግዳ ላይ እያሳረፈች ነው። ዓባይ ማዶ ካለው ቤቷ ቅዳሜ ገበያ በእግሯ መምጣት ካቆመች ቆየች። ሰው ሲጠይቅ «ወድቃ ነው» ይባላል። ወድቃ አይደለም።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተሰብስቦ አዲስ አበባ ለውድድር ሊሄድ ሆነ። መኪና ከመሥሪያ ቤቴ ተጠየቀ፤ እኔ ታዘዝኩ። አክስትሽ ቡድኑ ውስጥ ነበረች። ቁመቷ እንደ አንቺ አይደለም። ፍጥነቷን ግን ባየሽ! ኳሱን ይዛ ስትዞር ተከላካይዋ ሌላ አቅጣጫ እያየች ትቀራለች።

ቡድኑ አንድ ሰው ነበረው። አንድ ስልሽ አንድ። አሰልጣኙ እሱ፣ ቡድን መሪው እሱ፣ አበል ከፋዩ እሱ፣ ወጌሻውም እሱ። የሕክምና ዕቃው አንድ ባልዲ ውኃ፣ ስፖንጅና ሽታው መኪናውን የሚሞላ ቅባት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ደግ ነበር፤ ከኪሱ ሙዝ ይገዛላቸዋል። ባልዲውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ያደርነው አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ነው። ማሊያቸውን ማታ ራሳቸው አጥበው አይሱዙው መስኮት ላይ ያሰጡታል። አንድ ቀን ሳይደርቅ ቀርቶ እርጥቡን ለብሰው ገቡ።

መንገድ ላይ ቡሬን ስናልፍ አክስትሽ ከኋላ ተነስታ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ መጣች። እግሯን ዘርግታ ለመቀመጥ ነው። «ምነው?» አልኳት። «ደክሞኝ ነው» አለች። ገና ከቤት መውጣታችን ነበር እኮ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጫወተች። በሁለተኛው ኳስ ለመያዝ ዘልላ ሲሚንቶው ላይ አረፈች። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ማንም አልነካትም። አሰልጣኙ ውኃ አፈሰሰባት፣ ቀባት፣ አሸ። «ልግባ፣ ልግባ» ትላለች፤ መቆም ግን አልቻለችም። ስንመለስ አያትሽ ሰፈር ውስጥ ያለ ወጌሻ ጋ ወሰዷት። እሱም አሸ። የተበጠሰ ጅማት ቢታሽ ምን ይሆናል? ጅማቱ መበጠሱን በምርመራ ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ከተበላ ወዲያ ነው።

በኋላ ነገረችኝ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ልምምድ ላይ ጉልበቷ አንድ ጊዜ ከድቷት ነበር። «ብናገር በእኔ ቦታ ሌላ ይጠራል፤ አዲስ አበባን ሳላይ ልቅር?» አለች። ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። እንደ አንቺ።

እስከ ዛሬ ውስጤን የሚበላኝ ይህ ነው ልጄ። ብትናገርስ ለማን ትናገር ነበር? የሚያክማት ሰውና ከቡድን የሚቀንሳት ሰው አንድ ነው። ሕመሟን ስትነግረው ወንበሯን ማስረከቧ ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር።

አንቺ ግን በእሷ ቦታ አይደለሽም። እናንተ ጋ አሰላፊዋ ሌላ፣ አካሚዋ ሌላ ናት። ይህን ወንድምሽ አንብቦ ነው ያስረዳኝ። ኤንሲኤኤ የሚሉት የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራችሁ ደንብ አለው። የተጎዳች ልጅ መቼ ትመለስ የሚለውን የሚወስኑት የቡድኑ ሐኪምና ወጌሻዋ ናቸው። አሰልጣኝ ውሳኔያቸውን መሻር አትችልም። ስኮላርሺፑ የሚያስፈራሽ ከሆነም፣ በተሰጠሽ ዘመን ውስጥ በጉዳት ምክንያት ሊቀንሱትም ሊሰርዙትም አይፈቀድላቸውም። የፈረምሽውን ወረቀት አውጥተሽ ከአጎትሽ ጋር አንብቢው። እሑድ ሳይሆን ዛሬ።

ኪኒኑን ደግሞ ተይ። ሕመሙን በኪኒን አፍኖ መጫወት የሙቀት መለኪያውን በጨርቅ ሸፍኖ ዓባይ በረሃን እንደ መውጣት ነው። ሞተሩ መጋሉን አይተውም፤ አንቺ ብቻ ነሽ የማታይው። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራውን የጎረቤታችንን ልጅ ጠየቅኳት። አክስትሽን ባገኘው የጉልበት ጅማት ጉዳት ሴት ተጫዋቾች ያንኑ ስፖርት ከሚጫወቱ ወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ ይጠቃሉ አለችኝ። ከተበጠሰና በቀዶ ሕክምና ከተሠራ በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ 9 ወርም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ክብደት የሚያሠራችሁ ሰውዬ «ዝለዪ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ እረፊ» እያለ የሚያሰለቻችሁም ለዚሁ ነው አለች። በእሱ ልምምድ አታሹፊ። ወጌሻዋን ደግሞ አትዋሺያት።

ሌላው ጾሙ ነው። ነቢያትን እየጾምሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ እናትሽ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን እስከ ከሰዓት በባዶ ሆድ ቆይተሽ አይቡፕሮፌን ትውጫለሽ? ጨጓራሽስ? የምግብ ባለሙያዋ መጾምሽን ታውቃለች? እርግጠኛ ነኝ እሷንም «አልራበኝም» እያልሽ ነው የምታልፊያት። ሥጋም እንቁላልም ወተትም የማትበዪበትን ቀን ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ስጫት። ከገና በኋላ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የውድድራችሁ መጨረሻ ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው። ምስርም ሽምብራም ኦቾሎኒም አለ፤ ካወቀች ታዘጋጅልሻለች። የንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸዋለሁ። «የታመመ ሰው ነገር ሌላ ነው፣ ትደውልልኝ» ብለዋል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእሳቸው ተይው። እኛ ጣና ዳር ተወልደንም አልጨረስነውም።

ጓሮ ያለው ግንድ ላይ የሰቀልኩልሽ የብስክሌት ቸርኬ አሁንም አለ። እናትሽ ልብስ ታሰጣበታለች። ይነሳ ስላት እምቢ አለች። ከትምህርት ቤት መጥተሽ ዩኒፎርምሽን ሳታወልቂ ስትወረውሪ፣ ኳሱ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እየወደቀ ስንቴ ተጣልተናል! ያን ጊዜ ስትወድቂ ጉልበትሽን ይዘሽ እየሮጥሽ ወደ እኔ ነበር የምትመጪው። አሁን እኔ ሩቅ ነኝ። ያቺ ሴትዮ ቅርብ ናት።

ማሊያችሁን ለሚያጥቡትና ወለሉ ላይ ላባችሁን ለሚጠርጉት ተማሪዎች ስማቸውን እየጠራሽ አመስግኚ። ከአውቶቡስ ስትወርጂም ሹፌሩን ደህና እደር በዪው። ሹፌር ማን እንዳመሰገነው ይዞ ነው የሚያድረው፤ ከእኔ ስሚ።

በይ አሁን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ወጌሻዋ ሂጂ። ልምምድ ካለቀ በኋላ አይደለም፣ ከመጀመሩ በፊት። መጀመሪያ የታመመሽ መቼ እንደሆነ፣ በቀን ስንት ኪኒን እንደምትውጪ፣ ደረጃ ስትወርጂ ይከዳሽ እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ፤ ፊቷ ስትቀመጪ ይጠፋብሻል። ሁለቱንም ጉልበት አሳዪያት፤ ደህነኛውን ካላየች የታመመውን ከምን ጋር ታስተያየዋለች? አትቀንሺ፣ አትጨምሪ፣ አትዋሺያት። ከእሷ ስትወጪ ደውይልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ በርበሬ፣ ሽሮና የተፈጨ ተልባ ወደ ሜሪላንድ በምትመጣ ሴት ልከናል። የተልባውን ቋጠሮ እናትሽ በቀይ ክር አስራዋለች። አጎትሽ ከአየር ማረፊያ ይቀበላታል፤ አንቺ ቅዳሜ ሄደሽ ውሰጂ። ራስሽ ግን እንዳትሸከሚው፣ አጎትሽ መኪና ላይ ይጫንልሽ።