ለአራተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪዎች፦ የቅዳሜው የቡድን ሥራ

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ የምንገናኘው ሥራ ዓለም ከመግባታችን በፊት በቡድን መሥራትን ለመለማመድ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ።

ሥራው የባጃጅ ወረፋ ነው። አራት አራት ሆነን መናኸሪያ እንሄዳለን። ተሳፋሪ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚጠብቅ እንመዘግባለን። ሁለቱን አማካዮች ይዘን በሊትል ሕግ (አማካዩ የጥበቃ ጊዜ፣ በሁለት ተሳፋሪዎች መምጫ መካከል ላለው አማካይ ጊዜ ሲካፈል) የወረፋውን አማካይ ርዝመት እናሰላለን፤ ከዚያ በዓይናችን ከቆጠርነው ጋር እናስተያያለን። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን ውጤቱን ያለ ምንም ፎርሙላ፣ ለባጃጅ ሹፌር እንደሚያስረዳ አድርጎ በአምስት ደቂቃ ያቀርባል። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያንገዳግደን እሱ ነው፣ ስሌቱማ አያቅተንም።

ደብተርና የአንድ ገጽ ሲቪ ያዙ። ቡድን የሚወጣው በዕጣ ነው፤ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ካልሆንኩ ማለት አይሠራም።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ስማችሁን እዚሁ ጻፉ። ላፕቶፕ ያላችሁም ጠቁሙን።