የምት ሕግ ይጥበቅ፣ ግን ከ1ኛው ደቂቃ ጀምሮ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስፖርት ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ስለ ዳኞች የምትጽፉትን ደግሞ በተለይ፣ ግን የሚነሳው ሁሌም የእግር ኳስ ዳኛ ብቻ ነው። እኔ የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው። እዚ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ቲቪ ከተከፈተ ራግቢ ነው የሚታየው፣ ጎረቤቱም ደንበኛውም የሚከራከረው በሱ ነው፣ ክርክሩ ደግሞ አሁን አሁን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፣ ዳኛ የምት ሕጎችን ምን ያህል ማጥበቅ አለበት የሚለው ላይ። ግማሹ ሰው ጨዋታው ይፍሰስ፣ ዳኛ ሰከንድ መቁጠሩን ይተው ይላል። በዚ በጭራሽ አልስማማም። ሕጉ መጥበቅ አለበት ባይ ነኝ፣ ግን የሚጠብቀው ከ1ኛው ደቂቃ ጀምሮ መሆን አለበት፣ ሁሉም ሰው እያየው።

ለምን እንደዚ እንደምል ለመረዳት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2022 ሜልቦርን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። አውስትራሊያ ከኋላ ተነስታ ኒውዚላንድን 37 ለ 34 እየመራች ነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ የቀረው በጣም ጥቂት ነው፣ እና የራሷ የጎል መስመር አጠገብ ቅጣት ምት አገኘች። ከዛ በኋላ የሚቀረው ኳሷን ጠልዞ ወደ ውጪ ማውጣት፣ ውርወራውን ራሷ ወርውራ መያዝ፣ በቃ ማሸነፍ። ኳሱን የያዘው በርናርድ ፎሊ ነው። ፊቱን ወደ ጓደኞቹ አዙሮ ያወራል፣ ፈረንሳዊው ዳኛ ማቲዩ ሬይናል ሰዓቱን አቁሞ ቶሎ በል አለው፣ ሰዓቱን መልሶ አስጀመረና አሁንም ተጫወት አለው፣ ፎሊ ግን አልመታም። ፊሽካ! ኳሱ ለኒውዚላንድ ተሰጠ፣ ስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቆላልፈው ለኳስ የሚገፋፉበት)፣ ከአውስትራሊያ የጎል መስመር 5 ሜትር ላይ። ከዛ ጆርዲ ባሬት ጥግ ላይ ትራይ (ኳሱን ከጎል መስመሩ ኋላ መሬት በማስነካት የሚገኝ ባለ 5 ነጥብ) አስቆጠረና 39 ለ 37 አለቀ፣ ሁለቱ አገሮች የሚፎካከሩበት የብሌዲስሎ ዋንጫም ኒውዚላንድ ጋር ቀረ።

ዳኛው ሕግ ጥሷል ወይ ከተባለ አልጣሰም። ቅጣት ምት ሳይዘገይ መመታት አለበት፣ ደግሞም አስጠንቅቆታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። እንደዛ አይነት መዘግየት በየሳምንቱ በየሜዳው እናያለን፣ መሪው ቡድን ይሰበሰባል፣ አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ ሌላው ውሃ ይጠጣል፣ ዳኛው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ፎሊን ማን አስለመደው? ራሳቸው ዳኞቹ እኮ ናቸው። 78 ደቂቃ ሙሉ የተኛ ሕግ በ79ኛው ደቂቃ ሲነሳ፣ ወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም ሜዳ ላይ ያለው ሰው ፍትህ ነው ብሎ አይቀበለውም።

አሁን ይሄን በ2023 ዓለም ዋንጫ ኦወን ፋረል ላይ ከደረሰው ጋር አስተያዩት። እንግሊዝ ሊል ላይ ከሳሞአ ጋር እየተጫወተች እየተመራች ነበር፣ ፋረል ቅጣት ምት ወደ ጎል ሊመታ ኳሱን አስቀመጠ፣ ለዚህ ምት 60 ሰከንድ ነው የሚፈቀደው፣ ሰዓቱ ስክሪን ላይ ወደ ዜሮ ሲወርድ ስታዲየሙም ቲቪ ላይ ያለውም ሰው ያያል፣ እሱ ግን አላየውም መሰለኝ ጊዜው አለፈበት። ምቱ ተሰረዘ። ዳኛውን የወቀሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም የቆጠረው የዳኛው ስሜት ሳይሆን ሰዓት ነው። ሁለቱም መዘግየት ነው፣ ሁለቱም ላይ ቅጣት ተሰጠ፣ አንዱ ግን እስካሁን ያጣላል።

እግር ኳሱም እኮ ይሄን ተምሯል። በረኛ ኳስ ከ6 ሰከንድ በላይ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ ለስንት ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ ነበር፣ በ2025 ግን 8 ሰከንድ ተደረገ፣ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን ከፍ አድርጎ በጣቱ ይቆጥራል፣ ካለፈ ኮርና ነው። ሰከንዱን ጨመሩ ግን የምር አደረጉት። ራግቢውም ከዚ ቢማር ምን አለበት?

ሰዎች የሚያነሱት ትልቁ መከራከሪያ ሕግ በቃሉ ብቻ ከተተረጎመ ጨዋታው ይሞታል የሚል ነው። እውነት አላቸው፣ ሊሞት ይችላል። በፌብሩዋሪ 2024 ኤድንበርግ መሪፊልድ ላይ ስኮትላንድና ፈረንሳይ ሲጫወቱ ከሁለቱም ጫፍ ኳስ ወደ ላይ እየጠለዙ ይመላለሱ ነበር፣ መሀል ላይ ያሉት ተጫዋቾች ደግሞ ዝም ብለው እንደቆሙ ኳሷ በላያቸው ስትሄድ ስትመጣ ያያሉ፣ ምክንያቱም በኦፍሳይድ ሕጉ ኳሱን የያዘው ተጋጣሚ 5 ሜትር ከሮጠ ወይም ካቀበለ ከፊት የቆሙት ነጻ ይወጡ ነበር፣ ስለዚ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልጋቸውም። ፈረንሳዩ አንትዋን ዱፖን ይቺን ቀዳዳ በደንብ ስለተጠቀመባት በሱ ስም ነበር የምትጠራው። ሕዝቡ ጮኸ፣ ልክ ነበረ። ግን መፍትሄው ዳኛው በራሱ ጊዜ ሕጉን ማጣመም ነበር? አልነበረም። በዛው ዓመት ጁላይ ላይ የራግቢው የበላይ አካል ወርልድ ራግቢ ያቺን አንቀጽ ከሕጉ አወጣት፣ አለቀ። መጥፎ ሕግ ካለ ይለወጥ፣ እስኪለወጥ ድረስ ግን ለሁሉም እኩል ይስራ።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ያለን ሰዎች ደግሞ ስለ ተጫዋቻችን ቼስሊን ኮልቢ ዝም ማለት አንችልም። በ2023 ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ ጋር ስንጫወት የፈረንሳዩ ቶማ ራሞስ ከትራይ በኋላ የምትሰጠዋን ባለ 2 ነጥብ ምት ሊመታ ሲል ኮልቢ ከጎል መስመሩ ተፈትልኮ መጥቶ ኳሷን አገዳት፣ ጨዋታው 29 ለ 28 በኛ አሸናፊነት ነው ያለቀው፣ በ1 ነጥብ! ሕጉ መቺው ምቱን ለመጀመር ወደየትኛውም አቅጣጫ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ተከላካዮቹ ከመስመሩ ኋላ ይቁሙ ይላል። ፈረንሳዮች ቀድሞ ወጥቷል ይላሉ፣ የኛዎቹ ራሞስ ተንቀሳቅሷል ይላሉ፣ ዳኛው ቤን ኦኪፍ አጸደቀው። ስፕሪንግቦክን (የደቡብ አፍሪካን ብሔራዊ ቡድን) ነው የምደግፈው፣ እኔም ያየሁት ትክክል እንደሆነ ነው፣ ግን 2 ነጥብ የሚያስከፍል ነገር እዛው በዛው በቪዲዮ ዳኛ ታይቶ ለሕዝቡ ቢነገር ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተጨቃጨቅን። ማጥበቅ ማለት ለኔ ይሄም ነው፣ የምደግፈው ቡድን ተጠቅሞም እንኳ ቢሆን።

ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የመጣው ጥብቅነት ደግሞ ሊደገፍ ይገባል። ኳስ ከፍ ብሎ ሲጠለዝ የተቀባዩ ቡድን ተጫዋቾች ወደ ኋላ የሚመለሱ መስለው ኳሱን ተከትሎ በሚሮጠው ሰው ፊት ግድግዳ ይሰሩ ነበር፣ አሁን መንገድ ካልለቀቁለት ይቀጣሉ። አዎ፣ ከፍ ያሉ ምቶች በዝተዋል፣ ከእጅ የሚያመልጥ ኳስ በዝቷል፣ ስክረሙም አብሮ። ግን ያለ ኳስ ሰው ማገድ ዱሮም ክልክል ነበር፣ ዳኞቹም እንደሚያጠብቁ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፣ ማንም ሳያውቅ አልተቀጣም።

የኔ ጥያቄ በጣም ቀላል ነው። ተጫዋቾች ኳስ ላይ ተደራርበው ኳሷን ከኋላቸው የሚያወጣው 9 ቁጥር ሊጠልዝ ሲዘጋጅ ዳኛው "ዩዝ ኢት" (ተጫወትባት) ካለ በኋላ 5 ሰከንድ ነው ያለው፣ ዛሬ ግን አንዱ ዳኛ ጋ 5 ነው፣ አንዱ ጋ 8፣ ማን ቆጥሮ። እሱም በእጅ ይቆጠር። ወደ ውጪ ለሚመታ ቅጣት ምትም ቁርጥ ያለ ሰከንድ ተጽፎለት ስክሪን ላይ ይውጣ፣ በ1ኛው ደቂቃም በ80ኛውም ያው ይሁን። የ2027ቱ ዓለም ዋንጫ የሚደረገው እዛው አውስትራሊያ ነው፣ ወርልድ ራግቢ ይሄን ከዛ በፊት ለመጨረስ በቂ ጊዜ አለው፣ እናንተም ስለ ዳኝነት ስትጽፉ ራግቢውን አብራችሁ ብታነሱት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከጆሃንስበርግ