ለጀማሪ የሚሆን ሞተር ሳይክል በሲሲ ብቻ አይመረጥም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የመጀመሪያ ሞተር ሳይክላቸውን ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር አንብቤዋለሁ። «ከ250 ሲሲ አትለፉ» የሚለው መመሪያ ለማስታወስ ይቀላል፤ ነገር ግን ሲሲ የሚናገረው የሲሊንደሩን ይዘት ብቻ ነው። ሞተሩ ስንት ጉልበት እንዳለው፣ ያ ጉልበት እንዴት እንደሚመጣና ጠቅላላ ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ጀማሪውን የሚጥሉት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 እና የያማሃ አር6ን እንውሰድ። በሲሲ ኬኤልአሩ ይበልጣል፤ አር6 599 ሲሲ ነው። ሆኖም ባለአንድ ሲሊንደሩ ኬኤልአር 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲያወጣ ባለአራት ሲሊንደሩ አር6 ከ110 ያልፋል። ዝቅ ስንልም ያው ነው፦ ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 ወደ 20 የፈረስ ጉልበት፣ ኬቲኤም 390 ዱክ ደግሞ ከ40 በላይ አላቸው። ይባስ ብሎ 125 ሲሲ ባለሁለት ምት የሞቶክሮስ (የአፈር ሜዳ ውድድር) መወዳደሪያ መመሪያችሁን በቀላሉ ያሟላል። ክብደቱ 100 ኪሎ የማይሞላ፣ መቀመጫው ከመሬት 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚርቅ፣ መብራት እንኳ የሌለው ተሽከርካሪ ነው። ለጀማሪ ከዚያ የከፋ ምርጫ ማግኘት ይከብዳል።

የአውሮፓ ኅብረት የኤ2 (የመካከለኛ ደረጃ ሞተር ሳይክል) መንጃ ፈቃድ ገደብ ሲሲ አይቆጥርም። የሚጠይቀው ጉልበቱ ከ35 ኪሎዋት እንዳይበልጥና ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ0.2 ኪሎዋት እንዳያልፍ ነው። አውስትራሊያም 660 ሲሲ የሚል ጣሪያ ብታስቀምጥም በዚያ አልረካችም፤ 90 ኪሎ የሚመዝን አሽከርካሪ ጨምራ ጉልበቱን በክብደቱ ታካፍላለች። ይህን ስሌት ማንም ሊሠራው ይችላል። የፈረስ ጉልበቱን በ0.75 አባዝቶ ወደ ኪሎዋት መለወጥና ነዳጅና ዘይት በተሞላ ክብደቱ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ0.15 በታች ከሆነ ለመማር የተመቸ ነው ባይ ነኝ። ሻጭ «ደረቅ ክብደት» ብሎ የሚጽፈው፣ ነዳጅና ዘይት ሳይጨምር የተመዘነው ቁጥር ግን አያታልል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 0.75 ኪሎ ስለሚመዝን 15 ሊትር የሚይዝ ታንክ ብቻውን 11 ኪሎ ይጨምራል። በሚቀጥለው ሠንጠረዣችሁ ላይ ኪሎዋት፣ ሙሉ ክብደትና የመቀመጫ ከፍታ ቢገቡ አንባቢ ብዙ ይጠቀማል።

ጉልበቱ የሚመጣበት መንገድም ከመጠኑ አያንስም። ጀማሪ ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የነዳጅ መስጫውን የጨበጠው እጁም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚጠመዘዝ ነዳጁ ይብሱን ይከፈታል። በዚያች ቅጽበት ለስላሳ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ትንሽ ተንገጫግጮ ይጠፋል ወይም ዝግ ብሎ ይሄዳል። ኃይለኛው ግን የፊት ጎማውን ያነሳዋል። ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ እኩል የሚስብ ሞተር ለጀማሪ የሚሻለው ለዚህ ነው። ፈጣንና ረጅም መንገድ ለሚበዛበት ሰው ከ400 እስከ 500 ሲሲ የሆኑ ሲሊንደሮቻቸው ጎን ለጎን የቆሙ ባለሁለት ሲሊንደሮች ንዝረታቸው ያነሰ ነው፣ ለመቅደምም የሚተርፍ ጉልበት አላቸው። ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ 100 ሲሲ ይህ ትርፍ የለውም፤ ማነስም የራሱ አደጋ አለው።

አሁን ወደ ክብደትና ቁመት ልምጣ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፍጥነት ሲነዳ አይደለም፤ ሊቆም ሲል፣ በጠባብ ቦታ ሲዞርና ሲገፋ ነው። መሪው ዞሮ ሳለ በእርምጃ ፍጥነት የፊት ፍሬን ከተያዘ ሞተር ሳይክሉ መሪው ወደዞረበት ጎን ይጋደማል፤ ትንሽ ካዘነበለ በኋላ በአንድ እግር አይመለስም። ስለዚህ ገዢው ለመንዳት የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ይቀመጥ፣ ከጎን ማቆሚያው ያቃናው። ቢያንስ የሁለቱም እግሮቹ የፊት ክፍል አንድ ላይ መሬት መርገጥ አለበት። ከዚያ ወርዶ ሞተሩ እንደጠፋ አሥር ሜትር ወደ ፊት፣ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ይግፋው። ይህ ካስጨነቀው ዳገት ላይ ለማቆም ሲሞክር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

በወረቀት ላይ የተጻፈው የመቀመጫ ከፍታ ሙሉውን አይነግርም። ሰፊ መቀመጫ ጭንን ስለሚከፍት እግርን ያሳጥራል፤ ለስላሳ ሞላ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ 69 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከላይ በጉልበቱ ያመሰገንኩት ኬኤልአር 87 ገደማ ነው፤ አጭር ሰው በጉልበት ስሌቱ ብቻ ሄዶ ቢገዛው ይቸገራል። ሻጮች «እናሳጥረዋለን» ይላሉ። የኋላውን ሞላ ማያያዣ ቀይሮ ማሳጠር ይቻላል፤ ግን ፊቱ በዚያው ልክ ካልወረደ የመሪው ጠባይ ይለወጣል፣ የጎን ማቆሚያው ካልተቆረጠም ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ንፋስ በሌላው ጎን ይወድቃል። መጀመሪያ የመቀመጫውን ስፖንጅ በሁለት ሳንቲ ሜትር ማስቀነስ ይሻላል፤ ካልተመቸ ይመለሳል።

ስለ ፍሬን ባጭሩ፦ አቅም ከፈቀደ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው ይገዛ። ሲቢኤስ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። የፊትና የኋላ ፍሬንን አንድ ላይ ያሠራል እንጂ ጎማ እንዳይቆለፍ አያደርግም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሸጥ አይጠፋም።

ጀማሪ አንድ ቀን መጣሉ ስለማይቀር ያገለገለና ፕላስቲክ ያልበዛበት መግዛት ብልህነት ነው፤ ፍተሻው ግን ጥብቅ ይሁን። ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ በእጅ ይዳሰስ። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነውና በቀዝቃዛ ሞተር የሚታየው ችግር ተሸፍኗል፤ ሌላ ቀን መመለስ ነው። በጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ቀለበት፣ ነዳጁ ተለቆ እንደገና ሲሰጥ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ይጠረጠራል። ካቴናው በኋላው ጥርስ (ካቴናው በሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ብረት) መጨረሻ ላይ ተይዞ ወደ ኋላ ሲሳብ የጥርሱን ግማሽ የሚያሳይ ከሆነ አልቋል። ሲቀየር ደግሞ ከፊትና ከኋላ ጥርሶቹ ጋር ነው፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ቶሎ ያረጃል።

የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው ቀስ ብሎ ይዙር፤ መሐል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድቷል። በፊት ሞላዎቹ ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ጎሚኒው ያፈሳል፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ከደረሰ ሸራውም ተበላሸ። በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄደ ነዳጁ ሙሉ ሲከፈት ዙሩ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጎማው ጎን ላይ ያለው የአራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ግን የቆየ ጎማ ስለሚደርቅ እርጥብ መንገድ አይዝም። የእግር መርገጫ ጫፍ መጫሩ ብዙም አያሳስብም። መሪውን በሁለቱም ጎን የሚያስቆመው የብረት ጉብታ ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ ግን አደጋው ከባድ ነበርና ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ ትቶ መሄድ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸር፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካለም እንደዚያው።

ከበጀቱ ላይ የሄልሜት፣ የጓንት፣ የጃኬትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ገንዘብ አስቀድሞ ይነሳ፤ ሞተር ሳይክሉ የሚገዛው በቀረው ነው። ሄልሜቱ ጉንጭን ጫን ማለት አለበት። አገጭ ላይ ታስሮ ከኋላ ወደ ላይና ወደ ፊት ሲገፋ ከራስ ላይ የሚወልቅ ከሆነ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለው ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ