የሲኒቤንች ነጥቡን ከዋጋ ወረቀታችን ላይ ለምን እንዳነሳነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልኬ ሲጮህ የሚውለው በአንድ ጉዳይ ነው። ከየላፕቶፑ ዋጋ ሥር እንጽፈው የነበረውን የሲኒቤንች ነጥብ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) ምን ያህል እንደሚፈጥን በሙከራ ፕሮግራም የሚወጣውን ቁጥር፣ አነሳነው። ብዙዎቻችሁ ተቆጣችሁ። «በዚያ ቁጥር አምነን አይደለም እንዴ የገዛነው?» ያላችሁኝ አላችሁ። «ዋጋ ለመጨመር እንዲመቻችሁ ነው» ያለኝም አለ። ይቺ ሁለተኛዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አመመችኝ።

ሳንነግራችሁ ማንሳታችን ጥፋት ነው። ይቅርታ። ነጥቡን ግን አልመልሰውም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጥር ላይ፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንድ የቆየ ደንበኛችን ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ገባ። ሰርግ ቀርጾ፣ ራሱ ኤዲት አድርጎ የሚያስረክብ ልጅ ነው። ማሽኑን የገዛው ከእኛው ነው፤ ራይዘን 7 5800ኤች ፕሮሰሰር፣ 8 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች)፣ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ያለው። ከመደርደሪያችን ትልቁን ነጥብ ያገኘ ስለነበር «ይሄን ውሰድ» ያልኩት እኔው ነኝ። የካሜራውን ካርድ ሰካና አጫወተው። እልልታው ይሰማል። ሙሽራዋ ግን በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ትንሽ ቆይቶ ምስሉ ዘለለና መኪና ውስጥ ተገኘች። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንኑ የካሜራ ካርድ ኢንቴል ኮር አይ5-1135ጂ7 ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ሰካነው። ኮሩ 4 ብቻ ነው፤ ነጥቡም የራይዘኑን ግማሽ አይሞላም። ሙሽራዋ አንድም ቦታ ሳትቆም ደረጃውን ወረደች።

ሲኒቤንች የሚለካው ፕሮሰሰሩ አንድ የ3ዲ ምስል ሠርቶ ለመጨረስ ምን ያህል እንደሚፈጥን ነው። ቪዲዮ አይከፍትም። ቪዲዮ ለመክፈት ቺፑ ላይ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ሌላ ክፍል አለ። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ይለዋል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባዋል። ልጁ በሶኒ ካሜራው የሚቀርጸው በኤች 265 (ቪዲዮን አጥብቆ የሚያሳንስ አሠራር)፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 ነው፤ 4:2:2 ከተለመደው 4:2:0 የበለጠ የቀለም መረጃ ይይዛል። ይህን ፋይል አይ5ቱ የሚመደብበት የኢንቴል 11ኛ ጄነሬሽን በዚያ ክፍሉ ይፈታዋል። 5800ኤች ይህ አቅም የለውም፤ 3060ም የለውም። ኤንቪዲያ 4:2:2ን የጨመረው በ2025 እ.ኤ.አ. በወጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶቹ ላይ ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል።

ራይዘኑን እያጣጣልኩ አይደለም። በ4:2:0 ለሚቀርጽና ኢፌክት ለሚያበዛ ሰው ያ ማሽን አይ5ቱን ጥሎት ይሄዳል። ዛሬም እሸጠዋለሁ፤ ለማን እንደሚሆን ጠይቄ።

ሌላም አለ። ሲኒቤንች አር23 የተባለው እትም ሲወጣ 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ እንዲሮጥ ተደርጎ ነው። እኛ ገዢ ቆሞ ስለሚጠብቅ አንድ ዙር ብቻ እያስሮጥን ቁጥሩን እንጽፍ ነበር። ቀጭን ላፕቶፕ በመጀመሪያው ዙር ይበርራል፣ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናንተ ረጅም ሰርግ ኤክስፖርት የምታደርጉት (ኤዲት ያደረጋችሁትን አንድ ፋይል አድርጋችሁ የምታወጡት) ደግሞ በሞቀው ማሽን ነው።

አሁን የካሜራችሁን ካርድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የራሳችሁን ፋይል ኤዲት ማድረጊያው ፕሮግራም ላይ አስገብተን፣ ቻርጀር ሰክተን፣ ግማሽ ሰዓት እናሠራዋለን። ጎን ለጎን ሁለት ማሽን ማየትም ትችላላችሁ። ለሙከራው አናስከፍልም። ዋጋ ላይ ጥቂት መጨመራችንን ግን አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዕቃችን የሚገባው በዶላር ነው። ኪራዩም አልቆመልንም። በዚያ ላይ ሙከራውን የሚሠራ አንድ ልጅ ቀጥረናል። ነጥቡን ያነሳነው ግን ዋጋ ለመጨመር አይደለም።

እኔም የጀመርኩት ሰርግ ኤዲት በማድረግ ነው። ባለ 2 ኮር ላፕቶፕ ነበረኝ። ማታ ኤክስፖርት ላይ ጥዬው እተኛለሁ፤ ሌሊት መብራት ይሄዳል፤ ባትሪው ደግሞ አይዝም። ጠዋት ለሙሽሮቹ ቤተሰብ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር የምነቃው። ይህን ሱቅ ስከፍት አብራችሁኝ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያኔ መደርደሪያው ላይ 3 ላፕቶፕ ብቻ ነበር፤ እናንተ ናችሁ ሰው እየላካችሁ ያቆማችሁን።

ባለፉት 6 ወራት በነጥቡ አምናችሁ ከእኛ የገዛችሁና በ4:2:2 የምትቀርጹ ማሽኑን አምጡት። በገዛችሁበት ዋጋ ተቀብለን እንቀይራለን፤ ልዩነት ካለ ልዩነቱን ብቻ እንተሳሰባለን። ከዚያ በፊት ለገዛችሁት መቀየር አቅሜ አይፈቅድም። ግን ኑ፤ ፕሮክሲ አሠራሩን ቁጭ ብለን በነፃ እናሳያችኋለን። ከዋናው ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራል፣ በእሱ ትቆርጣላችሁ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ይመለሳል። ያ ሰርግ የሚቀርጸው ልጅም ፋሲካ ድረስ ሰርጎቹን ያስረከበው በዚህ ነው።

ቅር ያላችሁ በስልክ ከምንነጋገር ብቅ በሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ ነኝ። ካርዱን እንዳትረሱ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት