ስንገሠጽ የነፍስ አባት አንቀይር

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሸዋ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ እየተለመደ ስለመጣ ነገር ነው። የነፍስ አባታችን ጠበቅ አድርገው ከገሠጹን፣ ትተናቸው ሌላ እንፈልጋለን። እኔም አድርጌዋለሁና ከራሴ ልጀምር።

እናታችን ካረፈች በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በቤቷ ምክንያት ተጣላን። እሱ የሚኖረው ሐረር ነው። አራት ዓመት አልተነጋገርንም። በእነዚያ ዓመታት ጾሜን አላጓደልኩም። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቁልቢ ገብርኤል ሄጄ ስለቴን አስገባለሁ። አንዴ እንዲያውም ትልቅ ጥላ ይዤ ሄጃለሁ። ልቁረብ ብዬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ስቀርብ ግን፣ "ወንድምህስ?" አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ" አሉ። እስክታረቅም የዕለቱን ዳዊት እንድደግም፣ 41 ስግደት እንድሰግድ ቀኖና ሰጡኝ።

ፊቴ ጋለ። ተበዳዩ እኔ ሆኜ ሳለ ብዬ ነው። የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ፣ "አቦ አታካብድ" ማለት እንወዳለን። ለጉርብትና መልካም ነው፤ በዚህ ከተማ ስንቱ ጠብ በእሱ በርዷል። እኔ ግን ለነፍሴም እንደዚያው አልኳት። ታሪኬን የማያውቁ ሌላ ካህን ያዝኩ። የወንድሜን ነገር አላነሣሁላቸውም። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። በእሳቸው አልፈርድም፤ ቁስሉን የደበቁት ሐኪም ምን ያድርግ?

የመለሰኝ አንድ እሑድ የሰማሁት ትምህርት ነው። መምህሩ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ነበሩ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው ላይ። አባ ያሉኝ ይኸንኑ ነበር። እኔ ግን የእሳቸው ክረት አድርጌው ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ የድሬ ሙቀት ቀረና ብርዱ መጣ። ወርጄ ልመለስ ሁለት ሦስቴ አሰብኩ። በሩን የከፈተው ራሱ ወንድሜ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ያን ሁሉ ዓመት በሐሳቤ ስጣላው የኖርኩት ግን ጸጉሩ ጥቁር የነበረውን ወንድሜን ነው። "ግባ" አለኝ። ቡናው እስኪፈላ ሌላ ቃል አልወጣውም። የቤቱ ጉዳይ ዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው፤ እኛ ግን በየሳምንቱ እንደዋወላለን።

ወደ አባ ስመለስ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና "ቆየህ" አሉኝ።

ብዙዎቻችን ቀኖናን እንደ መቀጮ እናየዋለን። ጾሙም፣ ስግደቱም፣ ምጽዋቱም ለነፍስ የታዘዘ መድኃኒት ነው። ለዚህ ነው የሚያውቀን ካህን የሚያስፈልገን። ንጉሥ ዳዊት እኮ ነቢዩ ናታን ስለ ኃጢአቱ ገሥጾ "ያ ሰው አንተ ነህ" ሲለው ሊያስገድለው ይችል ነበር። "እግዚአብሔርን በድያለሁ" ነው ያለው።

ለሚገሥጹንም አንድ ነገር አለኝ። አባ የገሠጹኝ ብቻዬን ነው። ማንም አልሰማም። ጌታም በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያዘዘው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ግን በአለባበሷ በጓደኞቿ ፊት ተወቀሰች። ዘማሪ ነበረች። ከሰንበት ትምህርት ቤት ከቀረች ዓመት ሊሞላት ነው፣ እስከ ዛሬም ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። ባለቤቴና እኔ በዚህ ሳምንት ቤቷ እንሄዳለን።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን